ራስን ማስረዳትና ራስን ማወደስ፤ ሥራ ጠያቂ በቀጣሪው ፊት

ቡና ወደ ውጭ አገር የሚልክ ነጋዴ «የእኔ ቡና ከሁሉ ይበልጣል» ብሎ ለገዢው ቢጽፍ፣ ይህ ቃል በኪሎው ዋጋ ላይ አንድ ሳንቲም እንደማይጨምርለት ያውቃል። ገዢው የሚጠይቀው ናሙና ነው። ናሙናው ሲቀርብ የጠቆረው፣ የተሰበረውና የነቀዘው ፍሬ ተለይቶ ይቆጠራል፤ ቀጥሎም ቡናው ተቆልቶና ተፈጭቶ የፈላ ውሃ ይፈስበትና በቀማሾች ይቀመሳል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የተሠራበት የቡና ደረጃ አሰጣጥ ከመቶው ነጥብ 40ውን ለጥሬው፣ 60ውን ለቅምሻው የሚሰጥ ነው። ሻጩ ስለ ዕቃው የሚናገረው ቃል በነጥቡ ውስጥ ስፍራ የለውም።

ይህን ሁሉ ጠንቅቆ የሚያውቅ ነጋዴ ግን፣ ጸሐፊ ወይም ሒሳብ ያዥ ወይም የመጋዘን ኀላፊ ለመቅጠር ፈልጎ ሥራ ጠያቂዎችን አንድ ባንድ ወደ ቢሮው ባስገባ ጊዜ ናሙና መጠየቁን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገረውን «ልበ ሙሉ ነው» ይለዋል፤ አንገቱን ደፍቶ ባጭሩ የሚመልሰውን «ጨዋ ነው፤ ነገር ግን ለሥራ አይሆንም» ይለዋል። ሥራ ጠያቂውም በበኩሉ ሁለት መንገድ ብቻ ያለው ይመስለዋል፤ ወይ መፎከር፣ ወይ ዝም ማለት። ሦስተኛው መንገድ ግን ነጋዴው በየቀኑ የሚሄድበት ነው፤ ይኸውም ሊመረመር የሚችል ነገር ማቅረብ ነው። የንግድ ቤት ባለቤቶች ይህን ነገር ማወቃቸው የሚጠቅመው ለሚቀጥሩት ሰው ብቻ አይደለም። የገዛ ልጆቻቸውም፣ የወንድምና የእኅት ልጆችም ትምህርታቸውን ጨርሰው በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ የሚጠኑ ናቸውና።

«በኢትዮጵያ ልማድ ስለ ራስ መናገር ነውር ነው» የሚባለው ከግማሽ እውነት አያልፍም። በርግጥ ልጅ በታላቅ ፊት ዐይኑን ሰበር አድርጎ፣ ድምፁን ቀንሶ እንዲመልስ ተመክሮ ያድጋል፤ ልጃገረድ ከሆነች ደግሞ ምክሩ እጥፍ ነው። ነገር ግን ይኸው ልማድ ለፉከራም ስፍራ ነበረው። ከዘመቻ የተመለሰ ወታደር በጌታው ፊት ቆሞ የዋለበትን ሲያወሳና ግዳዩን ሲጥል ጉረኛ ያለው ሰው አልነበረም። ግዳዩ በዐይን ይታያል፤ አብረውት የዘመቱት ጓደኞቹም በዚያው ቆመው ይሰሙታል፤ ያልሠራውን ሠራሁ ቢል በሁሉ ፊት ያፍራል። (የግዳዩ ዓይነት ዛሬ ለመስማት የማይመች መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው።) እንግዲህ ልማዱ የነቀፈው ምስክርና ማስረጃ የሌለውን ንግግር ነው፤ ጉራ የተባለውም እሱ ነው። ይህ ልዩነት ከቀጣሪ ጠረጴዛ ፊትም እንዳለ ይሠራል።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። አንድ የተሽከርካሪ መለዋወጫ አስመጪ ድርጅት የኤል ሲ ሰነዶችን የሚከታተል ሠራተኛ ፈለገ እንበል። ሥራው በስም ትንሽ ቢመስልም የድርጅቱ ገንዘብ የሚያልፍበት በር ነው። ሠራተኛው ፕሮፎርማውን ከአቅራቢው ይቀበላል፤ የባንክ ፈቃዱን ያስጨርሳል፤ ኤል ሲው ሲከፈት ቃሉን ይመረምራል፤ ዕቃው ጅቡቲ ከደረሰ በኋላም ሞጆ ደረቅ ወደብ እስኪገባና ዲክላራሲዮኑ እስኪሞላ ከትራንዚተሩ ጋር ይመላለሳል። ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ከሰኔ 1999 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው የኤል ሲ ደንብ ቁጥር 600 እንደሚለው፣ ባንኮች የሚመለከቱት ሰነዱን እንጂ ዕቃውን አይደለም። በመሆኑም ዕቃው ምንም ያህል ደኅና ቢሆን፣ በኢንቮይሱ ላይ የሠፈረው የዕቃ ዝርዝር ከኤል ሲው ቃል ጋር ካልተስማማ ሰነዱ ይያዛል፤ ሰነዱ በተያዘ ቁጥር ዕቃው በወደብ ይቆያል፤ ዕቃው በቆየ ቁጥር የማከማቻውና የኮንቴይነሩ ኪራይ በውጭ ምንዛሪ ይቆጠራል። ለዚህ ሥራ ሰው ሲመርጡ መሳሳት በደመወዝ የሚለካ ኪሳራ አይደለም።

ወደ ባለቤቱ ቢሮ መጀመሪያ የገባው ወጣት «እስቲ ስለ ራስህ ንገረን» ቢባል፣ «ሃርድ ወርከር ነኝ፤ ቲም ፕሌየር ነኝ፤ በተመደብኩበት ሁሉ ተወዳዳሪ የለኝም፤ ባለፈው ድርጅት ያለ እኔ አንድ ወረቀት አይንቀሳቀስም ነበር» ብሎ መለሰ። እነዚህን ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት በአዲስ አበባ ሰው ሲቀጥር የኖረ ሁሉ ስንት ጊዜ እንደ ሰማቸው ይቈጥራቸው፤ በቃል የተጠና ነገር ስለ ተናጋሪው የሚገልጸው የለም። ከእሱ በኋላ የገባችው ሴት በአንድ የጎማ አስመጪ ድርጅት አራት ዓመት የሠራች ናት። «ኤል ሲ ታውቂያለሽ?» ብትባል «እሞክራለሁ» አለች። «ፒችትሪስ?» ብትባል «ትንሽ ትንሽ» አለች። ባለቤቱ አመስግኖ አሰናበታት፤ ወጣቱንም ቀጠረው።

ይህች «እሞክራለሁ» የምትባል ቃል በአማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ልዩ ታሪክ አላት። ሃያ ዓመት ወጥ የሠራች ባለሙያ «ዶሮ ትሠሪያለሽ?» ብትባል «እሞክራለሁ» ነው የምትለው። ጠያቂውም የሙያዋን ልክ ከጎረቤት ሰምቶ የመጣ ነውና ቃሉን በትሕትና ሒሳብ አጣፍቶ ይረዳታል። በቢሮ ውስጥ ግን ጠያቂው ስለ ሴትዮዋ ያወቀው ነገር የለም፤ ከደጅ ደግሞ አሥር ሰው ይጠብቀዋል፤ ስለዚህ የሰማውን እንደ ሰማው ይመዘግባል። ትሕትና ሁለቱ ሰዎች አስቀድመው በሚተዋወቁበት ቦታ የሚሠራ ቋንቋ ነው። በማይተዋወቁበት ቦታ ሰሚውን ያሳስተዋል፤ ሰሚውን ማሳሳት ደግሞ ከጨዋነት አይቈጠርም።

ሴትዮዋ ራሷን ሳታወድስ ምን ማለት ትችል ነበር? ለምሳሌ እንዲህ፦ «ከ2013 እስከ 2016 ዓ.ም. ጎማ በሚያስመጣ ድርጅት ሠርቻለሁ። በዓመት ከ20 የማያንሱ ኤል ሲዎችን ከፕሮፎርማው ጀምሮ ዕቃው ሞጆ እስኪገባ ድረስ እከታተል ነበር። ላኪው ሰነዶቹን ለባንኩ ከማቅረቡ በፊት ረቂቃቸውን በኢሜል አስመጥቼ ከኤል ሲው ጋር ቃል በቃል አመሳክራለሁ። በመጨረሻው ዓመት ልዩነት የተገኘበት ሰነድ አንድ ነበር፤ የጎማው ልክ በፓኪንግ ሊስቱ ላይ ተሳስቶ ሳላየው አልፎኝ ነው።» በዚህ መልስ ውስጥ አንድ የውዳሴ ቃል የለም። ጊዜ አለ፤ ቍጥር አለ፤ የሥራው ወሰን ከየት እስከ የት እንደ ሆነ ተነግሯል፤ ስሕተትም አለበት። ቀጣሪውም የፈለገውን ነጥብ መርጦ ሊመረምር ይችላል፤ «ልዩነቱ በተገኘ ጊዜ ምን አደረጋችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሥራውን ያልሠራ ሰው ከዚያ በኋላ የሚሄድበት መንገድ የለውም።

መልሱን ይበልጥ ያሳመረው ስሕተቱ መሆኑን ነጋዴ ለመረዳት አይቸገርም። ሰሊጥ የሚሸጥ ሰው «ባዕድ ነገር ፈጽሞ የለበትም» ሲል ገዢው ወንፊቱን ያነሣል፤ «ከመቶ ይህን ያህል አለበት» ተብሎ የቀረበለት ገዢ ግን የቀረውን ዘጠና ምናምን ያምናል።

ከአማርኛው ቋንቋ ጠባይ የሚመጣ ሌላ ጉዳይ አለ፤ እሱን ማስተዋል ጉረኛ መስሎ ከመታየት ብዙ ያድናል። የአማርኛ ግሥ አድራጊውን በራሱ ውስጥ ይዞ ይሄዳል። «አስተካከልኩ» ያለ ሰው ማን እንዳስተካከለ አስቀድሞ ተናግሯል። በዚህ ላይ «እኔ» የሚለውን ቃል ሲጨምርበት ነገሩ ክብደት ያገኛል፤ «እኔ ነኝ ያስተካከልኩት» ሲል ደግሞ ሌላውን ሰው ሁሉ ከሥራው ያስወጣል። ሰሚው ጉራ የሚለው ብዙ ጊዜ ሥራውን ሳይሆን ይህችን «እኔ ነኝ» ነው። እንግዲህ «እኔ»ን ትቶ ግሡን በአንደኛ መደብ ማቆየት ይበቃል፤ «መዝገቡን አስተካከልኩ፤ የተረፈውን ዕቃ ለየሁ፤ ለሥራ አስኪያጁ አቀረብኩ» ያለ ሰው የሠራውን ሁሉ ተናግሯል፤ ደረቱን ግን አልነፋም።

ተቃራኒውም ጥፋት እንዲሁ ከባድ ነው። ብዙ ሥራ ጠያቂዎች ከትሕትና የተነሣ «ሠርተናል፣ አስተካክለናል» ይላሉ፤ ወይም አድራጊውን ፈጽመው ሰውረው «መዝገቡ ተስተካክሏል» ይላሉ። ቀጣሪው የሚቀጥረው አንድ ሰው ነውና፣ ከዚህ «እኛ» ውስጥ ምን ያህሉ በፊቱ የተቀመጠው ሰው እንደ ሆነ ማወቅ ይቸግረዋል። መፍትሔው የጋራውን ለጋራ ሰጥቶ የራስን ድርሻ ለይቶ መናገር ነው፦ «የዓመቱን የመጋዘን ቆጠራ አራት ሆነን ሠራን፤ ቆጠራውን ከቢን ካርዱ ጋር ማስታረቁ የእኔ ድርሻ ነበር።» «የእኔ ድርሻ» የሚለው አነጋገር ሌሎች ድርሻ እንዳላቸው አብሮ ይመሰክራልና ትሕትናና ግልጽነት በአንድ ቃል ይገናኙበታል። «በእግዚአብሔር ርዳታ» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ማለትም መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን ከሥራው ዝርዝር ጋር እንጂ በዝርዝሩ ፈንታ አይቀርብም።

ታማኝ፣ ታታሪ፣ ቅን፣ ብልኅ የሚሉት ቃላት ደግሞ ሌላ ሰው የሚሰጣቸው እንጂ ባለቤቱ ለራሱ የሚወስዳቸው አይደሉም። ለገንዘብ ያዥነት የቀረበ ሰው «ታማኝ ነኝ» ቢል ያላመነውን ሰው አያሳምንም፤ ያመነውንም ያስጠረጥራል። ከዚያ ይልቅ «ምሽት ምሽት ሣጥኑን ከካሽ ሬጅስተሩ ዜድ ሪፖርት ጋር አስታርቄ እፈርማለሁ፤ ጉድለት ሲገኝ በዚያው ምሽት ለባለቤቱ እነግራለሁ» ቢል፣ ታማኝነቱን ሰሚው ራሱ ይደርስበታል።

እዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ «የሥራ ልምድ ማስረጃ እያለ ይህ ሁሉ ንግግር ለምን?» የሚል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያዛል። በማስረጃው ላይ እንዲሠፍር የታዘዘው ግን የሥራው ዓይነት፣ የአገልግሎቱ ዘመንና የደመወዙ ልክ ነው። ሥራው እንዴት እንደ ተሠራ አዋጁ ጻፉ አላለም፤ አሠሪዎችም ከታዘዙት በላይ ሲጽፉ እምብዛም አይታይም። እንግዲህ ወረቀቱ ዝም ያለበትን ቦታ የሚሞላው ሠራተኛው ነው፤ እሱም ዝም ካለ ለአራት ዓመት የሠራና ለአራት ዓመት ወንበር ያሞቀ በአንድ ዐይን ይታያሉ።

በዘመድ ሱቅ ውስጥ ያለ ደመወዝ ያደገ ልጅ ደግሞ ያችንም ወረቀት አያገኝም። በመርካቶ ዕቃ በመለየት፣ ዋጋ በመከራከር፣ የዱቤ ደብተር በመያዝ አምስትና ስድስት ዓመት ያሳለፉ ስንት ወጣቶች «የሥራ ልምድ አለህ?» ሲባሉ «የለኝም» ብለው ይመልሳሉ። ይህ መልስ ትሕትና ሳይሆን ስሕተት ነው። «በአጎቴ ሱቅ የዱቤውን ደብተር እይዝ ነበር፤ 40 የሚሆኑ ደንበኞች ነበሩን፤ ዕቃ የሚያስረክበን ጅምላ አከፋፋይ ያውቀኛል፤ ሊጠይቁት ይችላሉ» ማለት ይችል ነበር። ዋስ መጥራት ሌላ፣ ምስክር መጥራት ሌላ ነው። ዋሱ ገንዘብ ቢጎድል ለመክፈል ይፈርማል፤ ልጁ ደብተር መያዝ መቻሉን ግን የሚያውቀው ጅምላ አከፋፋዩ ነው።

ጉራ ሁልጊዜ በግልጽ አይመጣም፤ ትሕትና ለብሶም ይመጣል። «ድክመትህ ምንድን ነው?» ሲባል «ሥራ ስወድ ቤቴን እረሳለሁ» ወይም «ጥንቃቄ አበዛለሁ» የሚል መልስ በየስፍራው ይሰማል። ይህ በስኳር የተለወሰ ውዳሴ መሆኑን ሰሚው ወዲያው ያውቃል፤ በግልጽ ከፎከረው ሰው ይልቅም ይህን ይታዘባል፤ ምክንያቱም ያኛው ቢያንስ የፈለገውን በቀጥታ ተናግሯል። እውነተኛ ድክመት፣ ያውም መፍትሔ የተፈለገለት፣ ከዚህ ይሻላል፦ «የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ስጽፍ እዘገያለሁ፤ ስለዚህ ለአቅራቢዎች የሚላኩትን የተለመዱ ደብዳቤዎች በፋይል አዘጋጅቼ አስቀምጫለሁ።» የሥራው መሠረት የሆነውን ነገር ድክመቴ ነው ማለት ግን አይገባም፤ ቍጥር ያስቸግረኛል የሚል ሒሳብ ያዥ ሊመሰገን የሚገባው በሌላ ሥራ ነው።

ከሁሉ የከፋው ጉራ ግን ለነጋዴው እንደ ጥቅም የሚመስለው ነው። «የቀድሞው ድርጅት ከቻይና በስንት እንደሚገዛ አውቃለሁ፤ ደንበኞቹም ስልካቸው በእጄ ነው» የሚል ሥራ ጠያቂ ሲመጣ ጆሮውን የማያቆም ነጋዴ ጥቂት ነው። ይህ ሰው ያሳየው ሙያ ሳይሆን የነገ ጠባዩን ነው፤ ሌላ ቀን በሌላ ቢሮ ተቀምጦ የዛሬውን ቀጣሪ ዋጋ ይናገራል። ጨዋ ሠራተኛ ስለ ቀድሞ ሥራው ሲጠየቅ አሠራሩን ይናገራል፤ ዋጋውንና የደንበኞቹን ስም ይይዛል፤ ቢወተወትም «ያ የእነሱ ነው» ብሎ ያልፋል። ቀጣሪው በዚህ ቅር ከተሰኘ፣ በዚያ ቤት ባይቀጠር የሚቀርበት ነገር ትንሽ ነው።

ከቀጣሪው በኩል የሚፈለገው ደግሞ ብዙ ወጪ የለበትም። ፖል ሳኬትና የሥራ ጓደኞቹ በ2022 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት፣ የሠራተኛ መምረጫ ዘዴዎችን በሥራው ላይ ከታየው ውጤት ጋር አነጻጽረው፣ አስቀድሞ የተዘጋጀ አንድ ዓይነት ጥያቄ ለሁሉም እየቀረበ መልሱም በአንድ መለኪያ የሚመዘንበት የቃል ምርመራ በመጀመሪያው ረድፍ ላይ መገኘቱን፣ እንደ መጣ የሚደረግ ጭውውት ግን ከዚያ በብዙ ዝቅ ማለቱን አሳይተዋል። ይህም ለነጋዴ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አንዱን ጆንያ በሚዛን፣ ሌላውን በዐይን ግምት የሚረከብ ገዢ የለም። ጥያቄው ከሥራው የተወሰደ ይሁን። ለሰነድ ሠራተኛ ሆን ተብሎ አንድ ስሕተት የተጨመረበት ኢንቮይስና ኤል ሲ አቅርቦ ሩብ ሰዓት መስጠት፣ ለመጋዘን ሠራተኛ ያልታረቀ ቢን ካርድ ማሳየት ይቻላል። በዚያን ጊዜ «እሞክራለሁ» ያለችው ሴት ስሕተቱን በጣቷ ታሳያለች፤ «ተወዳዳሪ የለኝም» ያለውም ልኩ ይታያል።

ዐይንን ሰበር ማድረግንም በጥርጣሬ ማየት አይገባም። ከውጭ አገር የመጡ ሥራ አስኪያጆች ዐይን ለዐይን የማያይ ሰው የሚደብቀው ነገር ያለው ይመስላቸዋል። ሥራ ጠያቂው ይህን ካወቀ መልሱን ሲጀምርና ሲጨርስ ቀና ብሎ ቢመለከት ይበቃዋል። አገሬው ቀጣሪ ግን ያደገበትን አክብሮት ረስቶ በዚህ ነጥብ ቢቀንስ የሚያስገርም ነው።

የደመወዝ ነገር ብዙዎችን ያስጨንቃል። «ስንት ትፈልጋለህ?» ሲባል «እንደ ወደዱ» ማለት ጨዋነት ይመስላል፤ ኋላ ግን በልብ የተያዘው ሒሳብ ካልተገኘ ቅሬታ ሆኖ ይወጣል። ገበያውን አጥንቶ «ለእንዲህ ያለው ሥራ ከዚህ እስከዚህ እንደሚከፈል ሰምቻለሁ፤ ሥራውን አይተው በዚህ መካከል ቢያደርጉልኝ» ማለት ድፍረት አይደለም። ነጋዴ ዋጋ ሲጠሩበት አይቆጣም፤ ዋጋውን የማይጠራ ሻጭ ነው የሚያስቸግረው።

በመጨረሻ የተነገረው ሁሉ በሥራ ላይ የሚታይበት ጊዜ አለ። በአዋጁ መሠረት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ሊደረግ ይችላል፤ ከ60 የሥራ ቀን ግን አይበልጥም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛው ለሥራው ተስማሚ ሆኖ ካልተገኘ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ይፈቀድለታል፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ ግን በአዋጁ የተዘረዘሩት ምክንያቶች ያስፈልጋሉ። አስተዋይ ቀጣሪ ሠራተኛው በመጀመሪያው ቀን ስለ ራሱ የተናገረውን በአንድ ወረቀት ላይ በአጭሩ ይጽፋል፤ «20 ኤል ሲ፣ ረቂቅ ሰነድ ያመሳክራል፣ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ይዘገያል» ብሎ። ወረቀቱን በመሳቢያው ያኖርና በ20ኛውና በ40ኛው ቀን ያወጣዋል። የወጣቱ ወረቀት ሲወጣ በላዩ ላይ የሚገኘው «ሃርድ ወርከር» የሚል ነው፤ ባለቤቱም በምን እንደሚለካው ሲያስብ 60ው ቀን ያልቅበታል።